ስለ ቤታችን በርና መስኮት ቀለም



ቤት የሚሠራ ወይም ቤቱን የሚያድስ ሰው ሌላውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻ የሚደርስበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሩንና መስኮቱን ምን ቀለም ላስቀባው የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ባል አንዱን ይመርጣል፤ ሚስት ሌላውን ትመርጣለች፤ ቀለም ቀቢው ደግሞ ከሌላ ሰው ሥራ የተረፈውን ግማሽ ጣሳ መጨረስ ስለሚፈልግ ሦስተኛውን ያወድሳል። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈውም ቀለም ቀቢው ነው። እኛ ግን በዛሬው ንግግራችን ከምርጫው አስቀድመን ታሪኩን እንመለከታለን። በር በአገራችን መቼና ስለ ምን ቀለም እንደ ተቀባ የተረዳ ሰው፣ የራሱን በር በሚያስቀባበት ቀን የሚጠነቀቅለትን ነገር ለይቶ ያውቃልና።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ለማየት እንዲመቸን ዴራን እንውሰድ። ዴራ በአርሲ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ወደ ጭላሎ ተራራ ብርድ የሚሸጋገር መንገደኛም ኢተያንና ቁሉምሳን ከማየቱ በፊት የሚያገኘው እርሷን ነው። ወደዚያ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሲከራይ ወይም ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደው የቀለም ምርጫ ለዴራ ፀሐይና አቧራ የማይስማማ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ይህን በቦታው እንመለስበታለን።

በር ለእኛ እንጨት ብቻ አይደለም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ ከደጅ የወጣ ነው፤ ደጅ ጥናት የሚባለውንም ነገር ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም። አባቶቻችን የበሩን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በስም ለይተው ጠርተዋቸዋል፤ ግራና ቀኝ የቆሙት መቃን፣ ከላይ የተጋደመው ጉበን፣ ከታች የሚረገጠው ደፍ፣ የሚከፈተውና የሚዘጋውም መዝጊያ ይባላል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። በኦሮምኛ በር በልበላ ይባላል፤ ይኸው ቃል በጎሣ ውስጥ ከአንድ አባት የሚቆጠረውን የትውልድ ሐረግም ይጠራበታል። ስለዚህ በአርሲ አንድ ሰው በልበላው የትኛው እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ የሚመልሰው የቤቱን መግቢያ ሳይሆን ወገኑን ነው።

ይህን ያህል ክብር የተሰጠው በር ግን ለብዙ ዘመን ቀለም ሳይነካው ኖሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የደጋው ባላገር ሀብት ካለው በሩን ከዝግባ፣ ከጥድ፣ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ያስጠርብ ነበር። መጋዝ ባልተስፋፋበት ዘመን ሳንቃ የሚወጣው በመጥረቢያ እየተጠረበ ስለ ነበር ከአንድ ትልቅ ግንድ የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ነበር፤ የቀረው ስባሪና ፍልጥ ሆኖ ይወድቃል። መዝጊያውም በብረት ማጠፊያ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ ከሳንቃው ከላይና ከታች እንደ ጣት ሾለው የተተዉት ጫፎች በጉበኑና በደፉ ቀዳዳ ገብተው ይዞሩ ነበር እንጂ። እንዲህ ያለ በር በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱ ነው፤ የእንጨቱንም መልክ በሌላ ነገር መሸፈን እንደ ስድብ በተቆጠረ ነበር። ጥዱ ቀላ ይላል፤ ዝግባው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ዋንዛው ቡናማ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ የምድጃው ጢስ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸውና ከውስጥ በኩል ጥቁር አድርጎ ያወዛቸዋል። ድኻው በበኩሉ በሩን ከሽመል ወይም ከጭራሮ ጠፍሮ ይሠራል፤ ለእርሱም ቀለም የሚያሳስበው ነገር አልነበረም።

ይህ ማለት ቤቱ ቀለም አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ቀለም ነበረ፤ የነበረው ግን በግድግዳው ላይ ነው። ጭቃና እበት እየለቀለቁ፣ ነጭ አፈር ወይም ቀይ አፈር በጥብጠው እየቀቡ ቤቱን የሚያስጌጡት ሴቶች ነበሩ፤ ይህም ለመስቀል፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ የሚታደስ ሥራ ነው። አፈሩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እጅ ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በጥንቱ ቤት ግድግዳው የሴት ሥራ ሆኖ በአፈር ቀለም ሲያጌጥ፣ በሩ የጠራቢ ሥራ ሆኖ ያለ ቀለም ይቆማል። ዛሬ ባልና ሚስት ስለ በር ቀለም ሲከራከሩ፣ ሁለቱ የየራሳቸውን የቆየ ድርሻ ይዘው የሚከራከሩ ይመስለናል።

መስኮት ደግሞ በተራው ሕዝብ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ብርድን፣ ነፋስንና ሌባን የሚፈራ ሰው በግድግዳው ላይ ሌላ ቀዳዳ አይከፍትም፤ ብርሃኑ በደጅ ይገባል፤ ጢሱም በሣሩ ክዳን መካከል እየሾለከ ይወጣል። መስኮት የታላላቅ ሕንፃዎች ነገር ነበር። በላስታ በዋሻ ውስጥ የቆመውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ የግድግዳው አግዳሚ እንጨት ጠቆር ብሎ፣ በመካከሉ ያለው ልስን ነጭ ሆኖ፣ መስኮቶቹም በልዩ ልዩ የመስቀልና የሐረግ ቅርጽ ተፈልፍለው ይመለከታል። በጎንደርም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ግድግዳውን በጠቆረ ድንጋይ አንጸው፣ የበሩንና የመስኮቱን ቅስት ግን ቀላ ባለ ድንጋይ ከበውታል። እነዚህ ሰዎች ቀለም በጣሳ አልነበራቸውም፤ ዳሩ ግን እኛ ዛሬ በብሩሽ የምንሠራውን በድንጋይና በእንጨት ሠርተውታል። ይኸውም ክፍቱን ከድፍኑ መለየት፣ ዓይን ከሩቅ ሆኖ መግቢያውን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ በር ቀለም ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የበለጠ ምክር መኖሩን እንጠራጠራለን።

በር ላይ የተቀባ ቀለም በአገራችን በመጀመሪያ የሚገኘው በቤተ መቅደስ ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ገዳማት፣ ለምሳሌ በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ መዝጊያዎች መላእክት ተሥለውባቸዋል፤ ሰይፍ ይዘው የቆሙት የመግቢያው ጠባቂዎች ናቸው። በኦሪት ዘፀአትም መቃንና ጉበን በበግ ደም እንደ ተቀቡ፣ ምልክቱም የሚያልፈው መልአክ ቤቱ የማን እንደ ሆነ እንዲለይበት እንደ ሆነ አንባቢ ያስታውሳል። ሁለቱም አንድ ነገር ያሳያሉ፤ በር ላይ የሚደረግ ቀለም ከጌጥነቱ አስቀድሞ የባለቤት ምልክት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ ሁሉ፣ ከሐረር ነጋዴ ጀምሮ እስከ ቀበሌ ቤት ድረስ፣ የዚህ አንድ ነገር መስፋፋት ነው።

ሐረር የራሷ ሥርዓት አላት። በጁገል ውስጥ ያለ የቆየ ቤት ከውጭ ሲያዩት ልስን ግንብ ብቻ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ከውስጥ ነው። መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀዩም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። በሩ ግን ከዚያ ዘመን ወዲህ የሕንድ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በከተማዪቱ እየበዙ ሲሄዱ በተቀረጸ እንጨት መዋብ ጀመረ። የሐረር ባለጠጋ በቀለም ፈንታ በቅርጽ ተኩራራ፤ የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ይፈልግ ነበርና። ዛሬ የጁገልን ጠባብ መንገዶች የሚያስውቡት ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ግድግዳዎች በጣሳ ቀለም ዘመን የመጡ ናቸው፤ ጎብኚው ጥንታዊ አድርጎ ቢያያቸው አይፈረድበትም።

የጣሳው ቀለም ወደ መሐል አገር የገባው ከቆርቆሮ ጋር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ግንበኞችና አናጢዎች ሰገነትና ደረጃ ያላቸውን፣ በረንዳቸው በተፈለፈለ እንጨት የተከበበ ቤቶች ለመኳንንቱና ለነጋዴው ሠሩ። እቴጌ ሆቴል የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ እስካሁን አለ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ መስታወት፣ ማጠፊያ፣ ሚስማርና ቀለም ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ከሚመጣበት ዋጋ ረክሶ መግባት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች በአንድነት ተለወጡ። ቤቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ባለ ማዕዘን ሆነ፤ መስኮት የተራው ሰው ሆነ፤ እንጨቱም ተለወጠ። በከተማው ዙሪያ የነበረው ጥድና ወይራ ተመናምኖ ባሕር ዛፍ ተተካ። ባሕር ዛፍ ለአጥርና ለማገር ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ለመቃንና ለመዝጊያ ሲሆን ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። የቀድሞው በር መልኩን ለማሳየት ራቁቱን ይቆም ነበር፤ አዲሱ በር ግን ልብስ ያስፈልገዋል። ልብሱም ቀለም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ቀለም አሠራር መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ወደ አርሲ ይመልሰናልና። በርና መስኮት የሚቀባበት ቀለም የዘይት ቀለም ነው። በውስጡም መልክ የሚሰጥ ዱቄት፣ ዱቄቱን የሚይዝ ዘይትና ዘይቱን የሚያቀጥን ፈሳሽ አሉበት። ለዘመናት የዓለም ቀለም ሠሪዎች ሲመርጡት የኖሩት ዘይት የተልባ ዘይት ነው። ምክንያቱም ተልባ እንደ ሌላው የምግብ ዘይት ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ አይቀርም፤ በስሱ ተቀብቶ አየር ሲያገኘው ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ይህ እንግዲህ የደረቀ ውሃ ዓይነት መድረቅ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ነው። ተልባ ደግሞ የአርሲ ደጋ ሰብል ነው። ከዴራ አልፎ ወደ ላይ፣ በአሰላና በበቆጂ ዙሪያ፣ ሰማያዊ አበባው ማሳውን ሸፍኖ ይታያል። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ከእርሱም ጋር የተመሠረተው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ የአገሩን እርሻ ብዙ ለውጠውታል፤ ከአገራችን የተሻሻሉ የተልባ ዘሮችም መካከል ጭላሎና ቁሉምሳ በሚል ስም የሚጠሩ አሉ። የዴራ ሰው ለጾም በሶስና በወጥ የሚቀምሰው ተልባ፣ በሌላ አገር የመስኮት ልብስ ሆኖ ሲያገለግል መኖሩን ስንቱ ያውቅ ይሆን?

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ሠፈር መሥራት ጀመረ። ሥራውን የያዘው የኢጣሊያ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ተቋም በአጭር ስሙ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበር፣ ቤቶቹ ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፤ እኛም ካዛንቺስ አልነው። እንግዲህ የዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ ልብ ይበል፤ የአንድ ሠፈር ስም ከርሱ ከራሱ የሥራ ክፍል ወጥቷል፤ ምንም እንኳ ያን ጊዜ ሠራተኛው የባዕድ መንግሥት ሠራተኛ ቢሆንም። ላሜራ የሚለውም ቃል ከኢጣሊያንኛ የቀረልን ነው፤ የብረቱ በር ግን በሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ራሱ የቀለም አስተማሪ ሆነ። የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ግድግዳ ከወገብ በታች በጠቆረ የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ በነጣ ቀለም ሲቀባ ያላየ ሰው የለም። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው፤ ታችኛው ክፍል በእጅና በወንበር ስለሚቆሽሽ ታጥቦ የሚጠራ ቀለም ያስፈልገዋል። ሠራተኛው ይህንኑ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ለብዙ ጊዜም የሳሎኑ ግማሽ ግድግዳ ከጽሕፈት ቤቱ ግማሽ ግድግዳ ጋር ወንድማማች ሆኖ ኖረ። ከዴራ ብዙም ሳይርቅ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ማምረት የጀመረው ወንጂ ደግሞ ለሠራተኞቹ በአንድ ንድፍ ሠፈር ሠራ። ቤቱን የሚሠራው አሠሪው ሲሆን የበሩ ምርጫ ከተከራዩ እጅ ይወጣል፤ ይህ በዓለም ሁሉ ባሉ የፋብሪካ ሠፈሮች የታየ ነገር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ዓመት 1967 ነው። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ ሲገባ፣ ከፍ ያለው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆነ። ለብዙ ድኻ ተከራይ ኪራዩ መቀነሱ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የበሩን ታሪክ ብንጠይቅ ሌላ ነገር ይነግረናል። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ አይቀባም፤ ቀበሌውም የሚሰበስበው ኪራይ ለእድሳት አይበቃኝም ብሎ አይቀባም። በዚህ መካከል ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበት የመስኮት እንጨት ቀለሙን አራግፎ፣ ተሰንጥቆ፣ በመጨረሻም በካርቶንና በቆርቆሮ ቁራጭ ተደፍኖ ቀረ። ከመንገድ ላይ ቆሞ የቤቱን ባለቤት በቀለሙ ለመለየት የሚፈልግ ሰው፣ ምንም ቀለም የሌለው በር የማን እንደ ሆነ ለማወቅ አያዳግተውም ነበር፤ የሁሉም ነው፤ ማለት የማንም አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን የላሜራ ዘመን ነው። የዝግባና የጥድ ደን እየጠበበ፣ የቀረውም እየተከለለ ሲሄድ የሳንቃ ዋጋ ናረ። በአርሲ በኩል ስሙ የታወቀው የሙኔሳ ደን እንኳ ለብዙ ዓመታት ዝግባውን ለመሰንጠቂያ ሲያቀርብ ኖሮ ተመናምኗል። በየከተማው የብረት ብየዳ ቤት ተከፈተ፤ በሩና መስኮቱ በአንድ ቀን ተበይዶ በጋሪ ይጫናል። ብረት ደግሞ ከእንጨት የባሰ ልብስ ይፈልጋል፤ ያለ ቀለም ካደረ ይዝጋል። በዴራም እንደ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን፣ ዝገት መከላከያ ብቻ ተቀብቶ ለዓመታት የዋናውን ቀለም ተራ የሚጠብቅ ቀይ ቡናማ በር ማየት የተለመደ ነው። ያ መልክ የባለቤቱ ምርጫ እንዳይመስልዎ፤ ገንዘቡ ያለቀበት ቀን ምልክት ነው። ዳሩ ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ከተመረጡ ቀለሞች ይልቅ ያ የአፈር መልክ ለአገሩ ይስማማል።

ቀለም የባለቤት ምልክት መሆኑን ካየን ዘንድ፣ ከባለቤቱ ይልቅ ቀለሙን አጥብቆ የሚኖርበት ሌላ ሰው በቤት ውስጥ መኖሩን መርሳት አይገባም፤ ይኸውም ሕፃኑ ነው። የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ፣ ቢጫው፣ ቀዩና አረንጓዴውም ደምቆ እንዲታይ ሲባል እርሳስ የተባለው ማዕድን ይጨመርበት ነበር። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ዓለም ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስ ያለበት ቀለም ለሕንፃ ውስጥ እንዳይሠራበት ስምምነት አውጥቷል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በእኛም ገበያ ይሸጡ የነበሩ የዘይት ቀለሞች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ በብዙዎቹ ከልክ ያለፈ እርሳስ ተገኝቷል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ወጥቶ፣ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ይህ ነገር ከግድግዳ ይልቅ በርና መስኮትን የሚመለከትበት ምክንያት አለው። የዘይት ቀለም በብዛት የሚቀባው እነርሱ ናቸው፤ ከዚህም በላይ በየቀኑ ሲከፈቱና ሲዘጉ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። ከሚፋተገው ቦታ የሚረግፈው ብናኝ በመስኮቱ ደፍና በወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ሕፃኑም በዚያ ይድኻል፤ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ አዲስ ቀለም የሚገዛ ሰው ከመልኩ አስቀድሞ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ቢያነብ፣ ስለ እርሳስ ምንም ያልተጻፈበትንም ቢጠይቅ ይገባዋል። ከደንቡ በፊት የተቀባ አሮጌ በር ያለው ደግሞ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ ይከልከል፤ በውሃ እያራሰ፣ ልጆችን አርቆ፣ ብናኙንም ሰብስቦ ይሥራ። ዶሮ በሚጭርበት ግቢ ጠርጎ መድፋት ነገሩን ወደ ምግብ መመለስ ነው።

አሁን ደግሞ በቀለም ላይ አዲስ ባለቤት መጥቷል፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት፣ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉት ሕንፃዎች ገጽታ እየታደሰ በተመሳሰለ ቀለም ተቀብቷል፤ ሥራውም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። ከተማ በቀለም ላይ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በቱኒዚያ ባሕር ዳር ያለችው የሲዲ ቡ ሰይድ መንደር ጠባይዋ እንዳይለወጥ እ.ኤ.አ. በ1915 ድንጋጌ ወጥቶላታል፤ ነጭ ግድግዳዋና ሰማያዊ በርና መስኮቷም እስካሁን ስሟን ይጠራሉ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ይመስለናል። በዚያ ድንጋጌው የጠበቀው ሕዝቡ አስቀድሞ የለመደውን ነው። በእኛም የከተማ አስተዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ቀለም ከመወሰናቸው በፊት በዚያ አገር ያለው አፈር፣ ድንጋይና የቆየ ልማድ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የአሰላ ጉምና የዴራ ፀሐይ አንድ ዓይነት ግራጫ አይስማማቸውም። ግድግዳው ለመንገዱ ቢሰጥ እንኳ፣ በሩ ለቤተ ሰቡ ቢተው ይሻላል የሚል አሳብ አለን።

እንግዲህ ወደ ዴራ እንመለስና ምርጫውን እንይ። የዴራ ቤት ከሁለት ነገር ጋር ይታገላል፤ ፀሐይና በነፋስ የሚነሣ አቧራ። የነፋሱ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ፣ ከዴራ ጥቂት ከፍ ብሎ በኢተያ በኩል ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የተመረጠውን ስፍራ ይመልከት። ጥቁር ወይም በጣም የጠቆረ ሰማያዊ የላሜራ በር ወደ ምዕራብ ከዞረ ከቀትር በኋላ እጅ አያስነካም፤ ሙቀቱንም ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ንጹሕ ነጭ ደግሞ ፀሐዩን ይመልሳል፤ ነገር ግን በሳምንቱ አቧራው ያጎድፈዋል። በመካከል ያለው፣ የአገሩን አፈር የሚመስለው ቡላ፣ ዳማ ወይም ቀይ አፈር መልክ ሙቀቱንም አቧራውንም ይችላል። የዚህ መልክ ዱቄት ከብረት ዝገት ዘር የሆነ ማዕድን ስለ ሆነ በፀሐይ አይለቅም፤ ደማቅ ቀይና ሮዝ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲገረጡ ይታያሉ። አረንጓዴ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ በብዙ ከተማ የመስጊዱ በር አረንጓዴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑም መስኮት ላይ አረንጓዴው ከቢጫውና ከቀዩ ጋር አለ። ይህ ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ማንም የማይከራከርበት ቀለም መሆኑ ነው፤ እኛም የምንመክረው ጠቆር ያለውን ሳይሆን የደረቀ ቅጠል የሚመስለውን ነው።

ወደ አሰላ ለሚወጣው ግን ምክሩ ይገለበጣል። በዚያ ጉሙና ብርዱ ብርሃኑን ስለሚቀንሱት፣ በሩ ጠቆርና ሞቅ ያለ ቀለም ቢሆን ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፤ ይደምቃልም። በሁለቱም አገር የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ስለ ሆነ መስኮቱ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ እንዳለ ይቆማል፤ ያ የግድግዳው ውፍረት ከውስጥ በኩል ነጭ ከተቀባ ብርሃኑ እየተንጸባረቀ ወደ ክፍሉ ይገባል። በአንድ ኩባያ ኖራ የሚገኝ ብርሃን ስለ ሆነ፣ ሌላ መስኮት ከማስከፈት በፊት ይህን መሞከር ይገባል።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም እርጥብ እንጨት ላይ አይይዝም፤ በክረምት የተቀባ በር በጥቅምት ይላጣል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ቆሞ እንጨቱ እስኪደርቅ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መታገሥ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ነፋሱ እየበረታ ይሄዳል፤ እርጥብ ቀለም ላይ ያረፈ አቧራም ከቀለሙ ጋር አብሮ ይደርቅና በሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል። ስለዚህ በዴራ የሚቀባ ሰው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ይጀምር፤ መጀመሪያ መቃኑንና ጉበኑን፣ ከዚያም መዝጊያውን ከላይ ወደ ታች ይቅባ፤ ደፉን ግን ቤተ ሰቡ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ማታ ያቆየው።